ከኮርኒሱ በላይ

ሚኒሶታ ቤት ለገዛችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው። ባለፈው ዊንተር የጣሪያችን ጠርዝ ላይ ክንድ የሚያህል በረዶ ተንጠለጠለ። ልጆቹ እየሮጡ ፎቶ ያነሱታል። እኔም ደስ ብሎኝ ሳየው ከርሜ አንድ ቀን የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ አየሁ። ለካ የቤቱ ሙቀት ወደ አቲኩ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ወዳለው ክፍት ቦታ፣ እየሾለከ ክዳኑን ከስር ያሞቀዋል፤ ስኖው ይቀልጥና ውሃው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ተመልሶ በረዶ ይሆናል፤ ከኋላ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ቤት ይገባል።

ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ሙቀት እንዲይዝ ሮዝ ፋይበርግላስ (ከብርጭቆ ክር የተሠራ፣ ጥጥ የመሰለ ምንጣፍ) ተነጥፏል፤ ስለካው 6 ኢንች ነው። ሙቀት የመያዝ አቅሙ የሚለካው አር-ቫልዩ በሚሉት ቁጥር ነው። ፋይበርግላስ በአንድ ኢንች ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የኛ ወደ 19 ነው። እዚህ ብርድ አገር የሚመከረው ግን ከ49 እስከ 60 ነው።

አንዱን ቁራጭ ገለጥ ሳደርገው ስሩ ጥላሸት የነካው ይመስል ጠቁሯል። ከስሩ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ የሚያልፍበት፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። አየሩ በዚያ ሲወጣ ኖሮ አቧራውን ፋይበርግላሱ እንደ ወንፊት አስቀርቶታል። ፋይበርግላስ አየር አያቆምም! ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ድፈኑ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን ተራ ፎም (ተረጭቶ የሚደርቅ አረፋ) አይሆንም፤ ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ ያስፈልገዋል።

ስፕሬይ ፎም አየሩንም ሙቀቱንም ይይዛል፤ ጠንካራው ዓይነት በኢንች 6 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ግን ውድ ነው፣ ባለሙያም ይፈልጋል፤ ሲረጭና ሲደርቅ ቤተሰቡ ከቤት መውጣት አለበት። እኔ የመረጥኩት ሴሉሎስ ነው። የተፈጨ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ እሳት እንዳይዘው ቦሬት የሚባል የማዕድን ጨው ይጨመርበታል። በኢንች 3.5 ገደማ ይሰጣል። በቱቦ ስለሚነፋ ሽቦውና እንጨቱ መካከል ገብቶ ይሞላል። ከጊዜ በኋላ ትንሽ ስለሚቀመጥ ጨመር አድርጋችሁ ንፉ። አሮጌው ፋይበርግላስ ደረቅ ከሆነ ማንሳት አያስፈልግም፤ እላዩ ላይ 12 ኢንች ያህል ነፋንበት። ነፊውን ማሽን ትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች በቂ ከረጢት ለገዛ ያውሳሉ። አንድ ሰው ከታች ከረጢቱን ይገለብጣል፣ አንዱ ከላይ ቱቦውን ይይዛል። ማስክ፣ ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ አትርሱ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አሮጌ ቤት ገዝታችሁ አቲኩ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ ግራጫ ወይም ወርቃማ ጠጠር የመሰለ ነገር ካያችሁ እንዳትነኩት፣ እንዳትጠርጉት። ቨርሚኩላይት ይባላል። አብዛኛው የወጣው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ ነው፤ የማዕድን ማውጫው እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ አስቤስቶስ የሚባል ክር መሰል ማዕድን ተቀላቅሎበት ነበር። አስቤስቶስ ሳንባ ይጎዳል። በሩን ዘግታችሁ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ፤ ልጆችም ወደዚያ አይውጡ።

ስትነፉ ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ያሉትን የአየር መግቢያዎች እንዳትሸፍኗቸው። እኛ መጀመሪያ መከለያ አስገብተንባቸው ነው የነፋነው።