ከጎርፍ የወጣ ብራና ፀሐይ ላይ አይሰጣም!

ይሄን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰው አለቀ፣ እኛ ቤት ሰው ስለተረፈ ስለ ዕቃ ማውራት ነውር መስሎኝ ዝም ብዬ ኖርኩ። ግን የአያቴ ብራና ዳዊት፣ አባዬ ምድር ባቡር ሲሰራ የተነሳቸው ፎቶዎች፣ የእማዬ የሠርግ ካባ እንዴት ዕቃ ብቻ ይባላሉ?

ሳጥኑን ከጭቃው አወጣን። ከዛ ፅዳቱን የሚያስተባብረው ሰውዬ መጣና "ውሃ የነካው በሙሉ ይወገዳል፣ በሽታ ነው" አለ። በሽታውስ እውነት ነው፣ ሽንት ቤቱም ምኑም ተደባልቋል፣ ግን አቦ ፍራሽና ዳዊት እኩል ነው እንዴ? "ጋሼ፣ አደርቀዋለሁ፣ የቤተሰብ ቅርስ ነው" ብለው "መኪናው እየጠበቀ ነው፣ አታድርቀኝ" አለኝ። ዳዊቱን ከእጁ ነጥቄ ጎረቤት ሳስቀምጥ ካባውና አልበሙ ከፍራሹ ጋር ተጭነው ሄዱ። አልበሙ ስለተጣበቀ "አልቆለታል" ነው ያለው። አላለቀለትም ነበር! የተጣበቀ ፎቶ ሳይደርቅ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነከር ብዙ ጊዜ ይላቀቃል፣ ፊቱን ሳትነኩ ወደ ላይ አድርጋችሁ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ ሻጋታው ይቆማል። ይሄን ስንት ዓመት ቆይቼ ነው ያወቅኩት፣ ያቃጥላል።

ዳዊቱንም ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ አስጣው ይለኝ ነበር። ድሮ ብራና ይፍቁ የነበሩ አንድ አባት ናቸው የደረሱልኝ፤ "ልጄ፣ ቆዳ እኮ ነው፣ የድሬ ፀሐይ እንደ ቋንጣ ነው የሚያደርቅልህ" ብለው ጥላ ውስጥ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ አስቀመጡት፣ በየቅጠሉ መሀል ንጹህ ነጭ ጨርቅ እያስገባን፣ ሲረጥብ እየቀየርን፣ ፊደሉን በጣት እንዳልነካ እየተቆጡኝ። ጭቃውን እርጥብ እያለ አላስነኩኝም፣ ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ አራገፍነው። ጥቁሩ ቀለም ችሎ ወጣ፣ ቀዩ ግን ለቆ ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ ላይ ታትሟል። ጫፉም ተኮማትሯል፣ ግን ይነበባል፣ እኔ ነኝ ያተረፍኩት ብዬ እኮራለሁ።

ስለዚህ ጓንት አድርጉ እንጂ "ውሃ የነካው ይጣል" የሚላችሁን አትስሙ። ወንዝ ዳር ያላችሁ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱና ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል።