እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?

ሁለት መስመር ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ለእሷ፣ ለጓደኛዬ። ከሥራ የገባሁት በዚያ በምታውቁት ፊቴ ነው፤ እንደዚያ በሆንኩ ማታ ለአንድ ሰው አንድ ነገር ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አዲሱን የኢሜይል ፕሮግራም ከፈትኩት። ነጭ ገጽ መሀል ላይ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ «ምንም ኮንታክት የለዎትም» አለኝ።

አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ዕዳው እንደተሰረዘለት ሰው ቀለል አለኝ። ማንም የለኝም! ያልመለስኩለት ሰው የለም፣ ሳልጠይቀው የከረምኩ የለም። እንዲሁ ብተወው ምን ነበረበት?

አልተውኩትም። (ፕሮግራሙን የቀየርኩት ታናሼ አሮጌውን አይቶ «አሁንም በዚህ ነው የምትጽፊው?» ስላለኝ ነው። በዚያች «አሁንም» የተነሳ እስከዛሬ የቀየርኩት ዕቃ ቢቆጠር ቤት ይሞላል።)

ከአሮጌው ላይ ዝርዝሩን በሲኤስቪ ፋይል አወጣሁት። ስሙ ያስፈራል እንጂ በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ነው። 206 ሰው። ወደ አዲሱ አስገባሁት፤ 206 ገባ። ከዚያ ስሞቹን አየኋቸው። በላቲን ፊደል የመዘገብኳቸው ደህና ናቸው። በአማርኛ የመዘገብኳቸው ግን የሰው ስም መሆናቸው ቀርቷል። ነገሩ ሥራ ቦታም ገጥሞኝ ያውቃል። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ፊደልን ወደ ቁጥር መለወጫ ደንብ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት፣ ማለት ሦስት ቁጥር፣ ይወስዳል፤ የሚያነበው ፕሮግራም ይህን ሳያውቅ በድሮው የምዕራብ አውሮፓ የፊደል ሰንጠረዥ ካነበበው አንዱ ፊደል ሦስት ምልክት ሆኖ ይወጣል። ስሟ አራት ፊደል የሆነው አክስቴ አሥራ ሁለት ምልክት ሆና፣ መሀሏ ላይ የዩሮ ምልክት ተሰክቶባት ቁጭ ብላለች።

ሁለተኛ ጊዜ አስገባሁት፤ አሁን ፊደሉ በምን እንደሚነበብ ራሴ መርጬ። ስሞቹ ተስተካከሉ። ቁጥሩ 412 ሆነ። ፕሮግራሙ አክስቴንና አሥራ ሁለቱን ምልክቶች እንደ አንድ ሰው ሊያያቸው አልቻለም፤ አልፈርድበትም።

የተበላሹትን ለማጥፋት ብልሃት መጣልኝ። የአማርኛ ፊደሎች በሙሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው። ስለዚህ የተበላሹት ስሞች ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ ምልክት ነው፤ አናቱ ላይ ጭረት ባለበት የላቲን «ኤ»። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሰፈር ላይ ተኮልኩለዋል። ከላይ እስከ ታች መረጥኳቸው፣ ሰረዝኳቸው፣ በራሴም ኮራሁ። መሀላቸው ጭረት የሌለው ተራ «ኤ» ያላቸው፣ በላቲን የመዘገብኳቸው ደህና ደህና ሰዎች ተሰልፈው እንደነበር ያወቅኩት ስልኬን ሳነሳ ነው። ዝርዝሩን ከስልኬ ጋር የሚያመሳስለው ሲንክ በርቶ ነበር። ከስልኬም ጠፍተዋል። ሲያስገባ እያዛጋ ያስጠበቀኝ ፕሮግራም ሲያጠፋ ዓይኑን አላሸም።

ሦስተኛ ጊዜ አስገባሁት። ስንት እንደሆንን መቁጠር ተውኩ።

በመጨረሻ «ተመሳሳዮችን አዋህድ» የሚል ቁልፍ አገኘሁ። ጥንድ ጥንድ እያመጣ ይጠይቃል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው? ናቸው። እነዚህስ? ናቸው። አንዳንዱ ሰው በአማርኛና በላቲን ነው፤ ሌላው በላቲንም ሦስት ዓይነት ተጽፏል፣ እንደዕለቱ ስሜቴ። ለሰው ያወጣሁት ስም ደግሞ! «የማተሚያው ሰውዬ»። «ረጅሙ (ሁለተኛው)»፤ የመጀመሪያው ረጅም የት እንደሄደ እንጃ። «እንዳትመልሺለት» የሚባል ሰው አለኝ፤ እንዲያውም ሁለት። ፕሮግራሙ አንድ ሰው ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደሉም። አንደኛው በየወሩ የሚበደረኝ ነው፣ ሌላኛውን ታውቁታላችሁ። ግን ቆይቼ ሳስበው ጥያቄው መጥፎ አልነበረም።

እንዲህ ስል እሷ መጣች።

በግራ በኩል «ጉዴ» ትላለች። የተማሪነት አድራሻዋ ነው፤ መጨረሻው ላይ ዛሬ ሰው ፊት ብትጠራው የምታፍርበት ቅጽል አለ። በቀኝ በኩል ሙሉ ስሟ፣ ማዕረጓ፣ መሥሪያ ቤቷ። የስልክ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ነው ፕሮግራሙ የጠረጠረው።

ግራዋ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ «ነቅተሻል?» ብላ ትጽፋለች። ርዕስ የሚባል ነገር አታውቅም። ሦስት ገጽ አውርታ ሲያበቃ «ምንም አልነበረም፣ ተኚ» ትላለች። ቀኟ «በተነጋገርነው መሠረት ሰነዱ ተያይዟል» ትላለች፤ ከሥር ስድስት መስመር ፊርማ አለ፣ የመጨረሻው ይህን ኢሜይል ወረቀት ላይ ከማተሜ በፊት ስለ ደን እንዳስብ ይለምነኛል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው? ከነዚያ ሁሉ «ናቸው» በኋላ ጣቴ ቆመ።

«በኋላ» የሚል ቁልፍ አለ። ተጫንኩት።

ጥፋተኛዋ ያቺ አድራሻ መሀል ያለችው ክብ «አት» (@) እኮ ናት። ፕሮግራም ጸሐፊው ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መልእክት ሲልክ የመረጣት በሰው ስም ውስጥ ስለማትገኝ ነው። በግራዋ ሰውየው፣ በቀኟ ያለበት ማሽን። ማን፣ የት። አድራሻ ሰውን ለብቻው አያውቀውም፤ ሁልጊዜ ከሆነ ቦታ ጋር ነው የሚያውቀው። እሺ፣ የት እንዳለ ሲቀየር ይቀየር። ማን እንደሆነም አብሮ ሲቀየር ግን የትኛው ቁልፍ ነው የሚጫነው?

እንቅልፌ ስለበረረ የኮንታክት ካርዱን ደንብ ማንበብ ጀመርኩ። (አዎ። ሰው በዚህ ሰዓት ይተኛል፣ ወይ ይጸልያል።) ቪካርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አራተኛው እትም በካርድሽ ላይ ሌላ ሰው ምንሽ እንደሆነ የሚመዘገብበት ቦታ አለው። ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፤ እስከዚህ ድረስ የምጠብቀው ነው። ወረድ ሲል ግን «ልብሽ የከጀለው» ልንለው የምንችል ነገር አለ። መንፈስሽን ለሚያነሳሳ ሰው የሚሆንም አለ። «እኔ» የሚልም አለ፣ ያኛው ካርድም እኔው ነኝ ለማለት። ቁም ነገረኛ መሐንዲሶች ተቀምጠው ልብ የከጀለውን ሰው በመደበኛ ደንብ ውስጥ ሲያስገቡ ታዩኝና ወደድኳቸው። «ጓደኛዬ የነበረች» የሚል ግን ፈልጌ አጣሁ። «ጓደኛዬ ናት፣ በቀኝ በኩል ያለችዋ ግን ይህን አታውቅም» የሚልማ ከየት ይመጣል።

ስንት ጊዜ ተቀይራለች ብዬ ለእናንተም አማርሬባታለሁ። ቢሮ ገብታ ቀዘቀዘች ብያለሁ። ሰው በማዕረግ ይሰወራል ያልኩበት ማታም ነበር፤ ታስታውሱ ይሆናል፣ አምሮብኝ ነበር። ታዲያ መጀመሪያ ወደ ቢሮ አድራሻዋ የተጻፈው ደብዳቤ የማን እንደነበር አሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ገብቼ ፈለግኩ። ላስይዛት ነበር ሐሳቤ።

የእኔ ነው። አንድ ሰነድ በአስቸኳይ ፈልጌ። ርዕስ አለው፣ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ይጀምራል። ለካ ቅጂው ለአለቃዬም ሄዷል፤ ለዚያ ነው አማርኛዬ ክራባት ያሰረው። ከሥሩ በዚያው ቀን ለእሷ ብቻ የላክሁት አንድ መስመር አለ፦ «ይቅርታ ጉዴ፣ ቸኩዬ ነው፣ ማታ በደንብ እጽፍልሻለሁ»።

የዚያን ቀን ማታ ብዬ ፈለግኩ። በማግስቱ ብዬ ፈለግኩ። የሳምንቱን ሁሉ አየሁ። ፕሮግራሙ አሮጌ ነው እንጂ ፍለጋ ላይ ጎበዝ ነው፣ ካለ ያገኘው ነበር።

እሷ ዘንድ እኔ ስንት ካርድ ነኝ?

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ተመልሼ ሁለቱን አንድ ሰው አልኳቸው። በምን እንመዝግባት አለኝ፤ «ጉዴ» አልኩ። ማዕረጓ ከሥር በትንሹ ቀረ። የድሮው አድራሻ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ራሷ ነግራኛለች፤ ሰረዝኩት። ዝርዝሬ ወደዚህ ፕሮግራም ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹህ ሆነ። አዲስ መልእክት ከፈትኩ። እነዚያ ሁለት መስመሮች ምን እንደነበሩ ባስብ ባስብ ጠፉኝ። ስለዚህ «ነቅተሻል?» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ።

ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። ልቤ እንዴት እንደዘለለ ባትጠይቁኝ ጥሩ ነው። «መልእክትዎ አልደረሰም፤ አድራሻው አልተገኘም» ይላል። ፕሮግራሙ ስሟን እስኪያቀርብልኝ መች ጠበቅኩ፤ ጣቶቼ የድሮውን አድራሻ ከነቅጽሉ፣ አንድ ፊደል ሳይስቱ ጽፈውታል።

ፕሮግራሙ ደግሞ የጻፍኩለትን ሰው ሁሉ ሳልነግረው የሚመዘግብ ዓይነት ነው ለካ። የሰረዝኩት አድራሻ ስም ሳይኖረው ዝርዝሩ አናት ላይ ተመልሶ ተቀምጧል፣ እንደ አዲስ ሰው። ከጎኑ ቢጫ ማሳሰቢያ አለ።

እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?

«በኋላ»ን ተጫንኩ። ነገ በጠዋት ስብሰባ አለብኝ።