«አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጡ»

ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት የሚነሳ የቆዳ መላላጥ በሽታ፣ የያዘው ሰው እኛ ዎርድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሌላ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ምች ይባላል። ኩፍኝ ይባላል። አለርጂ ነው ተብሎም የማሳከክ ኪኒን ይሰጠዋል።

ይህ ልጅም ምች ተብሎ ነበር። ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነው። ትኩሳት ያዘው፣ ጉሮሮውን አመመው፣ ዓይኑ ቀላ። ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ ቤተሰቡ ዳማከሴ አሽተው አጠጡት። አልፈርድባቸውም፤ አጀማመሩ ቁርጥ ምች ነው። ቀናት አልፈው የደረቱ ቆዳ መላላጥ ሲጀምር ነው ሪፈር ተጽፎለት የመጣው።

ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ። የክንዱን ቆዳ በጣቴ ቀስ ብዬ ገፋ ሳደርገው እንደ ረጠበ ወረቀት ተንሸራተተ።

«እማማ፣ ልጁ ምን መድኃኒት ይወስዳል?» አልኳቸው እናቱን።

«ሌላ ምንም የለው። የሚጥል በሽታ አለበት፣ የሱን ብቻ ነው።»

ከፌስታል ያወጡት ካርባማዘፒን ነበር። ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ይህ ዓይነቱ የቆዳ መላላጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው።

«ዛሬስ ሰጥተውታል?»

«አዎ ሲስተር። አፉ ቆስሎ እምቢ ሲል በሻይ በጥብጬ አጠጣሁት። አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጡ ተብለናል።»

እናቲቱ የተነገራቸውን ነው የፈጸሙት። እኛም ለሚጥል በሽታ ታካሚዎች ደጋግመን የምንነግረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አብሮት መነገር ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ ትኩሳትና ሽፍታ አብረው ከመጡ፣ ወይም አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጡ በዚያው ቀን ኑ። ይህቺን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሕክምናው የሚጀምረው መድኃኒቱን ከማቆም ነው። ወዲያው አቆምን። የተላጠውን በራሱ መዳፍ ለካነው፤ አንድ መዳፍ ከነጣቶቹ ከመላው የሰውነት ቆዳ 1 በመቶ ያህል ይሆናል። ከ10 በታች ስቲቨንስ ጆንሰን፣ ከ30 በላይ ደግሞ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል። ይኸኛው ከሦስት ታማሚ አንዱን ገደማ ይገድላል። የሱ 15 አካባቢ ስለነበር መሃል ላይ ነው።

ቀሪው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቆዳ ሲሄድ ፈሳሽና ሙቀት አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ክፍሉን በሂተር አሞቅን፣ ፈሳሹንና ሽንቱን በየሰዓቱ መዘገብን። ፕላስተር ከለከልን፤ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። ደም ሥሩ ውስጥ የገባውን የፈሳሽ መስጫ ካኑላ በባንዴጅ ብቻ አሰርን፣ ቁስሉን በቫዝሊን ጎዝ ሸፈንን። ምግቡ በአፍንጫ ቱቦ ሆነ። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ዓይኑ ነው። የዓይን ቆብ ከብሌኑ ጋር ከተጣበቀ ሰውዬው ድኖ ዓይነ ስውር ሊሆን ይችላል። የዓይን ሐኪሙ በየቀኑ እየመጣ የተጣበቀውን ያላቅቅ ነበር፣ እኛ ጠብታውን ሌሊትም አላቋረጥንም።

እናቱ «ጠንከር ያለ መርፌ አይሰጠውም ወይ?» ብለው ዶክተሩን ለመኑት። ዶክተሩ አጠገባቸው ተቀምጦ አስረዳቸው። ኢንፌክሽን ካልታየ አንቲባዮቲክ ለመከላከያ ብሎ መስጠት አይመከርም። ኮትሪሞክሳዞልን የመሳሰሉት ራሳቸው ይህን በሽታ ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው።

አመሻሽ ላይ ሌላ ጭንቀት መጣ፤ ቢጥለውስ? ተረኛው ሐኪም በካርባማዘፒን ፋንታ ፌኖባርቢታል አዘዘ። እንደ አጋጣሚ ክሊኒካል ፋርማሲስቷ አልወጣችም ነበር። ቻርቱን አይታ «ይሄ አይሰጥም!» ብላ ሮጠች። ካርባማዘፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል በኬሚካል አሠራራቸው ይቀራረባሉ። አንዱ ቆዳውን የላጠው ሰው በሌላውም ሊላጥ ይችላል። ሐኪሙ አላንገራገረም፣ አመስግኗት ወደ ቫልፕሮዌት ቀየረው። አንድ ዶዝ እንኳ ሳይሰጥ ማለት ነው። እሷ ባትኖር ኖሮ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

ልጁ ዳነ። ዓይኑ አሁንም ስለሚደርቅ የዓይን ክሊኒክ ክትትል አለው። ፋርማሲስቷ የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያውን ቢጫ ቅጽ ሞልታ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላከች። ሲወጣ ዳግም እንዳይወስዳቸው የሦስቱን መድኃኒቶች፣ የካርባማዘፒን፣ የፌኒቶይንና የፌኖባርቢታልን ስም በአማርኛ በትልልቁ ጽፈን ሰጠነው፤ አንዱን ለኪሱ፣ አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለጤና ጣቢያው። ጤና ጣቢያው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያወጣው ፌኖባርቢታል ነው።