ባሕር ዛፍ ላይ የወጣው ልጅ

ዛሬ ጎንደር ላይ የሚያጠነጥን የልጆች የታሪክ ጀብዱ ረቂቅ ሳነብ ዋልኩ። ጀግናው ልጅ በአፄ ፋሲል ዘመን ወታደር ሲያባርረው ባሕር ዛፍ ላይ ይወጣል! ዛፉ እኮ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ዋርካ ምን አነሰው?

ለሴራ ከዜና መዋዕል ይልቅ የወንጌል ብራና ኅዳግ ይሻላል። የጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ እዚያ ይጻፍ ነበር፦ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ የምስክሮች ስም። ከምስክሮቹ አንዱን ፋቁትና ልጁ የፋቀውን ሰው ያፈላልግ። ብራና ተፍቆም ብዙ ጊዜ የቀለሙ ጥላ ስለሚቀር ፍንጭ አይጠፋም።

ዓመተ ምሕረት አታደበላልቁ። ከተማዋ ተቆረቆረች የሚባልበት 1636 የፈረንጅ ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ይቀነሳል። ልጁ ገበያ ከወጣም አሞሌ ጨው ይያዝ፤ ማሪያ ቴሬዛ ብር መመታት የጀመረው በ1741 እንደ ፈረንጆቹ ነው።