ከዓሣው በፊት ማጣሪያው፦ አዲስ የዓሣ ገንዳ እንዴት እንዳስጀመርኩ

አዲስ አኳሪየም ውስጥ ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሞት ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን አሞኒያ ነው። ዓሣ ከሚበላው ፕሮቲን የተረፈውን ናይትሮጅን በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣል። በቆየ ገንዳ ውስጥ አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ በሳምንታዊ የውኃ ቅያሬም ይወጣል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም። ስለዚህ መጀመሪያ ያራባሁት እነሱን ነው፤ ዓሣ የገባው ማጣሪያው ሥራውን መቻሉን በልኬት ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

የገንዳው የውስጥ ልኬት 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። በሒሳብ 112 ሊትር ይሆናል። ታች 4 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ አሸዋ (17 ኪሎ ግራም ገደማ)፣ ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲቀነስ ግን እውነተኛው ውኃ 90 ሊትር ብቻ ነው፤ ማንኛውም መድኃኒትና ዱቄት መሰላት ያለበት በዚህ ቁጥር ነው። 100 ዋት ማሞቂያ፣ በሰዓት 400 ሊትር ያህል የሚገፋ ባለ ስፖንጅ ማጣሪያ፣ የአየር ፓምፕ፣ ቴርሞሜትርና ክዳን አስገባሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጠብታ የሚሠሩ የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬት፣ የፒኤች (የውኃው አሲዳማነት መለኪያ) እና የኬኤች (ውኃው ውስጥ ያለው አሲድ አምካኝ ካርቦኔት መለኪያ) መመርመሪያዎች ያስፈልጋሉ። ገንዘብ ካጠረ ከጌጣጌጡ ይቀነስ። ብዙዎቹ የወረቀት መመርመሪያዎች አሞኒያን አይለኩም፤ በጣም የሚፈለገው ልኬት ደግሞ እሱ ነው።

የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለውና ባክቴሪያዎቹንም ዓሣውንም የሚጎዳው ክሎሪን አየር እየተነፋበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቢቀመጥ ይወጣል። ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ግን እንዲህ በቀላሉ ስለማይወጣ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የውኃ ማከሚያ ተጠቀምኩ። ታዮሰልፌት ክሎራሚንን ሲያፈርሰው ጥቂት አሞኒያ ይቀራል፤ ከውኃ ቅያሬ በኋላ መመርመሪያው ትንሽ አሞኒያ ቢያሳይ ምንጩ ይህ ሊሆን ይችላል።

ባክቴሪያዎቹን የመገብኩት በንጹሕ አሞኒየም ክሎራይድ ዱቄት ነው። ግቡ በሊትር 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ሲሆን ለ90 ሊትር 0.57 ግራም ዱቄት ይበቃል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በየጊዜው መመዘን ስለሚያስቸግር 5.7 ግራም በአንድ ጊዜ መዝኜ፣ በውኃ በጥብጬ 100 ሚሊ ሊትር አደረግሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ምግብ ማለት በሲሪንጅ የተለካ 10 ሚሊ ሊትር ነው። የዓሣ ምግብ ጥሎ እስኪበሰብስ መጠበቅም ይሠራል፤ ነገር ግን ስንት አሞኒያ እንደወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ነገር ግምት ይሆናል፣ ሽታውም አይቻልም።

ውኃው 28 ዲግሪ ላይ ሆኖ አየሩ ቀንና ሌሊት ይነፋል፤ መብራት ጠፍቶ ይቆያል፣ በዚህ ጊዜ አልጌ ከማብቀል በቀር ጥቅም የለውምና። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የሚለወጥ አይመስልም። ከዚያ አሞኒያው መውረድ፣ ናይትራይቱ መውጣት ይጀምራል፤ አሞኒያው ከ0.5 በታች በወረደ ቁጥር ሌላ 10 ሚሊ ሊትር ጨመርኩ። ናይትራይቱ የመመርመሪያው የመጨረሻ ቀለም ላይ ሲደርስ ግማሹን ውኃ ቀይሬ ምግቡንም በግማሽ ቀነስኩ። ትዕግሥትን የሚፈታተነው ይህ ክፍል ነው፤ ናይትራይት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ነው የሚበዙት። ያፈጥናል ብሎ አሞኒያውን ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ማድረግ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የበዛ አሞኒያ ራሱ እነዚህን ባክቴሪያዎች ያግዳቸዋል። ሂደቱ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ከጤነኛ አሮጌ ገንዳ የተወሰደ ያልታጠበ ስፖንጅ ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል፤ የዚያን ገንዳ በሽታም ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ነው።

ሂደቱ መሐል ላይ ሲቆም ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ኬኤችን ነው። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ሲለውጡ አሲድ ይለቃሉ፤ አሲዱን የሚያመክነው ኬኤች የሚለካው ካርቦኔት ነው። እያንዳንዷ የ2 ሚሊ ግራም ምግብ እስከ ናይትሬት ስትደርስ 0.7 ዲግሪ (የሙቀት ሳይሆን የኬኤች መለኪያ) ያህል ኬኤች ትጨርሳለች። 3 ዲግሪ ብቻ ይዞ የተነሳ ለስላሳ ውኃ እንግዲህ ከአራት ወይም ከአምስት ምግብ በኋላ ባዶ ይሆናል። ፒኤቹ ከ6.5 በታች ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ፣ አሞኒያው ለቀናት አንድ ቦታ ላይ ይገተራል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሞቱ ብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ፍለጋ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ቤኪንግ ሶዳ ነበር፦ ለ100 ሊትር 3 ግራም ኬኤቹን በ1 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። እኔ በየሳምንቱ እየለካሁ ከ4 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ አደረግሁ።

ፈተናው ቀላል ነው። ሙሉ 10 ሚሊ ሊትር ጨምሬ ከ24 ሰዓት በኋላ ስለካ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ከሆኑ፣ በማግሥቱ ተደግሞም እንደዚያው ከሆነ ማጣሪያው ዝግጁ ነው። በዚህ ጊዜ የተጠራቀመው ናይትሬት ብዙ ስለሆነ 80 ከመቶውን ውኃ ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ ቀየርኩና ማሞቂያውን ወደ 24 ዲግሪ አወረድኩ። የናይትሬት መመርመሪያ ጠርሙሱ በደንብ ካልተናጠ ዝቅ ያለ የውሸት ቁጥር ያሳያል፤ መመሪያው የሚለውን ሰኮንድ መቁጠር ይገባል። ዓሦቹ ከዘገዩ ባክቴሪያዎቹ በምግብ እጦት እንዳያልቁ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ምግብ መስጠት ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች 8 ዜብራ ዳኒዮዎች ናቸው። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ፣ ሰፋ ያለ ፒኤች ይችላሉ፣ ከስድስት ካነሱ ግን እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ይዘላሉም፤ ክዳኑ ለዚህ ነው። ጎልድፊሽ ከ20 ሴንቲ ሜትር፣ ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር ስለሚያልፉ ለእንዲህ ያለ ገንዳ አይሆኑም፣ ሲገዙ ጣት ቢያክሉም። ጉፒ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ውኃ ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ሴቷ የወንዱን ዘር ስለምታስቀምጥ ብቻዋን ብትገዛም በየወሩ ገደማ ልትወልድ ትችላለችና መብዛት የማይፈልግ ወንዶች ብቻ ይውሰድ።

1 ግራም ደረቅ ምግብ፣ 40 ከመቶው ፕሮቲን ከሆነ፣ በ90 ሊትር ውስጥ በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም ያህል አሞኒያ ያመጣል። 8 ዳኒዮ በቀን የሚበሉት ከዚህ በጣም ያንሳል። ስለዚህ የተፈተነው ማጣሪያ የበለጠ ዓሣ ይችል ነበር፤ በአንድ ጊዜ ያልሞላሁት በበሽታ ምክንያት ነው። ባዶ ገንዳ ለመጀመሪያው ቡድን ራሱ የለይቶ ማቆያ ቦታ ነው፤ ይህ ዕድል የሚገኘው አንዴ ብቻ ነው።

ዓሣው የመጣበት ላስቲክ ላይ የሚሰጠው ምክር እንደ መንገዱ ርዝመት ይለያያል። መንገዱ አንድ ሁለት ሰዓት ከሆነ ላስቲኩን እንደታሰረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማንሳፈፍ፣ ከዚያ ፈትቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል በየአምስት ደቂቃው አንድ ስኒ የገንዳ ውኃ መጨመር ነው። ብዙ ሰዓት የተጓዘ ከሆነ ግን ይህ ዝግታ ይጎዳል። በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ዓሣው ሲተነፍስ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ስለሚያወርደው የተጠራቀመው አሞኒያ አብዛኛው ብዙም በማይጎዳው አሞኒየም መልክ ይቆያል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ አሞኒየሙም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይዞራል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ክፍል ከመቶ 1 አይሞላም፣ ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5 ያልፋል። ስለዚህ ሙቀቱን ሳይከፍቱ አስተካክሎ፣ ከተከፈተ በኋላ ወዲያው በመረብ ማሻገር ይሻላል። በሁለቱም መንገድ የላስቲኩ ውኃ ገንዳው ውስጥ አይደፋም።

የዚያን ቀን መብራትም ምግብም የለም። ከማግሥቱ ጀምሮ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ብቻ ሰጠሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ለካሁ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት 0.25 ከደረሰ ምግብ ይቆማል፣ ከ30 እስከ 50 ከመቶ ውኃ ይቀየራል። አየር እየተነፋ ዓሣው ላይኛው ውኃ ላይ የሚያለከልክ፣ ስንጥቡም ቡናማ የሆነ ከሆነ ናይትራይት ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎታል፤ ከውኃ ቅያሬው ጋር በ10 ሊትር 1 ግራም ተራ ጨው ይረዳዋል፣ ክሎራይዱ ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ይሻማዋልና። ውኃው እንደ ወተት ቢደፈርስ ከተረፈ ምግብ የተነሳ የሌላ ባክቴሪያ መራባት ነው፤ ምግብ ሲቀነስ በቀናት ውስጥ ይጠራል። በዚህ ድንጋጤ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ማጠብ የሳምንታቱን ሥራ ይደመስሳል፤ የሚታጠበው ፍሰቱ ሲቀንስ ብቻ፣ ከገንዳው በተቀዳ ባልዲ ውኃ ውስጥ በመጭመቅ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነጭ ነጠብጣብ፣ የተጣበቀ ክንፍ ወይም መክሳት ካልታየ ሁለተኛው ቡድን፣ 6 ኮሪዶራስ (አሸዋው ላይ ምግብ የሚፈልጉ ትናንሽ ዓሦች)፣ ይገባል፤ አሸዋው ደቃቅ የሆነው በቀላሉ የሚጎዳው ጢማቸው እንዳይቆስል ነው። ከዚህ ቡድን ጀምሮ ግን አዲስ ዓሣ ሁሉ በሌላ ትንሽ ገንዳ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል፤ ለእሱ የሚሆን ሁለተኛ ስፖንጅ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በዋናው ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። ኒዮን ቴትራ የተባለው ስስ ዓሣ ገንዳው ጥቂት ወራት ሳይቆይ አይታሰብም።