እኔና ፊኑ

ትናንት ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቼ በስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሜ ውሃ ውስጥ ስጠልቅ አሥራ ሁለተኛዬ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልወድቅ ገባሁ! ለሌላው ተራ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ድል።

ኮርሱን ልዝለለው። ማስክ ውስጥ የገባ ውሃ በአፍንጫ እየተነፈሱ ማስወጣት፣ ጆሮ ሳያም በፊት አፍንጫን ይዞ ግፊቱን ማስተካከል፣ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ። ሁሉንም ገንዳ ውስጥ ተምሬዋለሁ። ገንዳ ግን ሞገድ የለውም። አሸዋም የለውም።

የእኔ ጣጣ ፊን ነው፤ እግር ላይ የሚጠለቀው ረጅም መቅዘፊያ። መጀመሪያ ደረቁ ላይ አጥልቄው ወደ ኋላ እየተራመድኩ ለመግባት ሞከርኩ። ጀርባዬ ላይ ከባድ ሲሊንደር፣ ከኋላዬ የማላየው ሞገድ። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ ገለበጠኝ። ጉልበት ድረስ ብላችሁ አትናቁት፣ ሞገዱ የሚሰበረው እዚያው ነው። ስነሳ የፊኑ መቆለፊያ አሸዋ ገብቶበት አልላላ አለኝ።

አሁን መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ሞገዱን አያለሁ። ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጡና ጋብ ይላል። ያኔ ማስክ ፊቴ ላይ፣ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የምስብበት) አፌ ውስጥ፣ የሚያንሳፍፈኝ ጃኬቴ በአየር ትንሽ ተነፍቶ፣ ፊኖቹ በእጄ ሆነው እገባለሁ። እግሬን አላነሳም፤ አሸዋው ላይ እየጎተትኩ ነው የምሄደው። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ስቲንግሬይ (ጅራቱ እሾህ ያለው ዓሣ) ከረገጡት በጅራቱ ይወጋል፤ ኮቴ ከሰማ ግን ራሱ ይሸሻል። ውሃው ደረቴ ሲደርስ የጓደኛዬን ትከሻ ይዤ፣ አንዱን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አጥፌ ፊኑን አጠልቃለሁ። የፊኑን ማሰሪያም ወደ ስፕሪንግ (የሚለጠጥ ጥቅል ሽቦ) ቀየርኩት። መቆለፊያ የለው፣ ምን የለው። ጎተት፣ ተረከዝ ላይ ለቀቅ፣ አለቀ። ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ እሱን የሚያህልብኝ የለም። ወደ ኋላ መራመድ ነው ትክክሉ የሚሉኝ አሉ። ባሕሩ ሲተኛ እሺ። ሞገድ ካለ ግን የሚመጣብኝን ማየት እፈልጋለሁ።

«ታች አሸዋ ብቻ ነው» ለሚሉ፣ አሸዋውም ይናገራል። ሽብሽቡ ብዙ ጊዜ ከዳሩ ጋር ትይዩ ነው። መስመሮቹን እያቋረጥኩ ከሆነ ወይ ወደ ጥልቁ ወይ ወደ ዳር እየሄድኩ ነው። የትኛው እንደሆነ ኮምፓሱና የጥልቀት መለኪያው ይነግሩኛል።

መውጣቱን ገና አልቻልኩበትም። ሬጉሌተሩን ነክሼ በአራት እግሬ እየዳህኩ ነው የምወጣው፤ ዳር ያሉ ልጆች ይስቃሉ። የሲሊንደሩን አየር መከታተል ላይም ጎበዝ አይደለሁም። ባለፈው ሲሊንደሩ ውስጥ ቢያንስ 50 ባር (ባር የአየሩ ግፊት መለኪያ ነው) ይዤ መውጣት ሲገባኝ፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ ፈዝዤ 30 ላይ ወጣሁ። ጓደኛዬ እስከ ማታ አላናገረኝም። እውነቱን ነው።