ያነሰ እንጀራ

ዛሬ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ አያቴ ዘንድ ዋልኩ። ምድጃው ዳር ተቀምጠን በስልኬ የጄሊፊሽ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ውኃ ውስጥ እንደ ጃንጥላ የሚከፈት የሚዘጋውን ፍጥረት ግን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተመለከቱት።

«የሚበላው ሲያጣስ ምን ይሆናል?» አሉኝ። የመንዝ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ብዙ ጄሊፊሾች ሲርባቸው የገዛ ሰውነታቸውን እየተመገቡ ይቀንሳሉ። መክሳት አይደለም፤ መላ አካላቸው ያንሳል፣ ቅርጻቸው ግን እንዳለ ነው። ምግብ ሲገኝ መልሰው ያድጋሉ። ቱሪቶፕሲስ ዶርኒ የሚባለው፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላው፣ ረሃብ ሲጠናበት ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፤ ከአንድ ነገር ላይ ተጣብቆ ወደሚኖርበት ፖሊፕ ወደተባለው ደረጃ። ይህ ሁሉ ልብም አንጎልም ሳይኖረው!

አያቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ምጣዱ ላይ በጣታቸው ክብ ሠሩ፤ የምጣዱን ግማሽ የማትሞላ ክብ።

«ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት እንጀራውን ይህችን ታክል ነበር የምጋግረው። ቁጥሩን ግን አልቀነስኩም፤ ለየልጁ አንድ አንድ።»

ክፉ ቀን የሚታለፈው እህል በመቆጠብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የቤቱንም ቅርጽ ይዞ ማቆየት እንደሚያስፈልግ አስቤ አላውቅም።

ማታ እናቴ ጋር ደወልኩ። ከእነዚያ ልጆች አንዷ እሷ ናት። እንጀራው ያነሰበትን ዓመት አታስታውሰውም፤ ሙሉ እንጀራ እየበላች ማደጓን ነው የምታውቀው።